በኖላዊ ዋዜማ የመረጥኩት ስም

የያዙኝ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከጉባኤ ወጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጫማዬን ሳጠልቅ ነው። አንዱን አስሬ ሁለተኛውን ገና ማንሳቴ ነበር። ሁለት ሰዎች ከፊቴ ቆሙና አንደኛው "መምህሩ አንተ ነህ?" አለኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ መምህር መባል ደስ ስለሚለኝ ድምፄን አሳምሬ "ነኝ" አልኩ። ሁለተኛውን ጫማ ሳላስር መኪና ላይ አወጡኝና ወደ ውጫሌ ይዘውኝ ሄዱ።

ያስገቡኝ ቤት የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር አየር እንዲያስገባ የተተወ ቀዳዳ ብሎኬት አለ። በእሱ በኩል የአምባሰል ተራራ ጫፍ ይታያል ይሉ ነበር፤ ለማየት ግን ሰው ትከሻ ላይ መቆም ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ያን ጊዜ ክብሬ አይፈቅድልኝም። አርባ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ጎኑን ሲያዞር ረድፉ በሙሉ አብሮ መዞር ነበረበት። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የታኅሣሥ ብርድ ከሲሚንቶው ወደ አጥንት ይገባል። በሩ የብረት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይከፈታል፣ ሲዘጋ ጥርሴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በገባሁ በማግስቱ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ቁጣ የሌለበት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። "ጫካ ላሉት ስንቅ የምታሰባስበው አንተ ነህ ተብሏል" አለኝ። እኔ በሕይወቴ መዘምራን እንጂ ስንቅ አሰባስቤ አላውቅም። ማን አለ ብዬ ስጠይቅ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ከታች የሰፈረው ፊርማ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነው። በስንት ቃለ ጉባኤ ላይ ያየሁት ፊርማ ስለሆነ አልተጠራጠርኩም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጸሐፊውን ራሱን አምጥተው እኛው መጋዘን ውስጥ ጨመሩት። ሁለቱም እጆቹ አብጠዋል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። የፊጥኝ አስረው ሰቅለውት እንደነበር ያየው ሁሉ ገብቶታል። ወደኔ እየመጣ "መምህር" ሲለኝ ብድግ አልኩና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ "ይሄ ሰው ነው የሸጠኝ" አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፣ አላስፈለገኝምም።

እስር ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። ከቤት የሚመጣው ስንቅ ይሰበሰብና አምስት ስድስት ሰው አንድ ማዕድ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ሰውም ወደ አንዱ ማዕድ ይጠጋል። ጸሐፊውን የሚያስጠጋ ማዕድ ግን ጠፋ። ክርስቲያኖቹ አራት ማዕድ ነበርን፤ በአራታችንም ዘንድ ቦታ የለም ተባለ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እነሱ ግን እሱን ከመመለሳቸው በፊት ፊቴን ያዩ ነበር፣ እኔም ፊቴን አላለሰለስኩም።

የወሰዱት ሙስሊሞቹ ናቸው። የማዕዳቸው ታላቅ ከሐይቁ ዳር የመጡ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ሲሆኑ አባ መረብ እንላቸው ነበር። ለምን ታሰሩ ሲባሉ "በጀልባህ ማንን አሻገርክ አሉኝ፤ እኔ የተሳፋሪ መታወቂያ አላይም አልኳቸው" ይላሉ። ጸሐፊው በጥግ ቆሞ ሲያዩት የተቀመጡበትን ብርድ ልብስ መታ መታ አድርገው "ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አሉት። ያን ቀን እንጀራውን እየቆረሱ ያጎረሱት እሳቸው ናቸው።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር። እኛ በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ሙስሊሞቹ ግን ስንቁ በስድስት ሰዓት እንደገባ ነበር የሚበሉት። ጸሐፊው በተጠጋቸው በሁለተኛው ቀን ምሳ ዕቃዎቻቸውን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ተቀምጠው ጠበቁ። በማግስቱም ጠበቁ። ከስንቅ አመላላሽ ቤተሰብ ጋር መገናኘት ክልክል ነው፤ አባ መረብ ግን ዘበኛውን ለምነው ለሴት ልጃቸው "ወጡ ላይ ቅቤ እንዳታደርጊ፣ ጿሚ አለብን" ብለው ልከውባታል። ዘበኛው ራሱ ገርሞት ሲያወራው ሰማን።

ሙስሊም ለጿሚ ጎረቤቱ ያለ ቅቤ ማብሰሉ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኔም እንዲህ ተደርጎልኝ ነው ያደግኩት። ያን ጊዜ ግን አናደደኝ። የበደለኝን ሰው ዓይኔ እያየ የሚያከብሩብኝ መሰለኝ።

አባ መረብ ማሾፍም ያውቁበታል። አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ ሆነው "መምህር፣ በዚህ ጾማችሁ ዓሣ ይበላል እንዴ?" አሉኝ።

"አይበላም" አልኩ በጉባኤ ድምፄ።

"ታዲያ በየዓመቱ ይሄን ጊዜ ዓሣዬን ከእጄ የሚነጥቁኝ እነማን ናቸው? ወላሂ፣ የናንተ ጾም እኮ የኔ መኸር ነው።"

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ጸሐፊውም ሳቀ፤ ከዚያ እኔን አየና አቆመ።

እኔ ደግሞ እሰብክ ነበር። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። መጽሐፍ ስለማያስገቡ በቃሌ ነበር የማስተምረው። በስብከት እሑድ፣ ነቢያት ይመጣል የተባለውን ሳያዩ በተስፋ ብቻ እንደኖሩ ተናገርኩ። በብርሃን እሑድ፣ ሰማይ የማይችለው ጌታ በከብቶች ግርግም ለመተኛት ዝቅ ማለቱን አስተማርኩ። ስለ ትሕትና አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ፤ ያማረ ስብከት ነበር፣ ያለቀሱም ነበሩ። ጸሐፊው ከሙስሊሞቹ መሀል ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እሱን እንዲነካው አድርጌ መሰንዘሬን አልክድም። በዚህ ሁሉ ሰበብ ከሽንት ባልዲ ተራ ነፃ አውጥተውኝ ነበር፤ መምህር ባልዲ አይሸከምም ተብሎ። የኔን ተራ ማን እንደሚሸከም አልጠየቅኩም።

በኖላዊ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ሻይ አስቀረበልኝ። ስኳሩን ራሱ ጨመረልኝና "አንድ ስም ስጠኝ፣ አንድ ብቻ" አለ። "ገናን ከልጆችህ ጋር ትውላለህ። ካልሆነ ግን ሰኞ የሚያነጋግሩህ ሌሎች ናቸው።" ሌሎቹ እንዴት እንደሚያነጋግሩ የጸሐፊውን ጣቶች አይቻለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት አስብበት ብሎ መለሰኝ።

አሰብኩበት። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። እየተንቀጠቀጥኩ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ግን የፈተና ወረቀት እንደማርም በእርጋታ ነው ያሰብኩት። ይሄ ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ይሄ ታማሚ ነው፣ ይሄ መልሶ እኔን ይጠራል እያልኩ ሰውን በሰው ሰረዝኩ። በመጨረሻ አንድ ስም ቀረኝ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ በማስተምርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የድሮ ተማሪዬ። ሳዑዲ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ሪያድ ያለን ሰው ከውጫሌ ማን ይይዘዋል? ስሙን ብሰጥ ማንም አይጎዳም፣ እኔ ግን ቤቴ እገባለሁ። እናቱ፣ ባለቤቴ ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ ሁለቱን ሴት ልጆቼን የምትጠብቅልኝ ሴት መሆኗን አልረሳሁም። ለዚያም መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ልጇ እዚህ ስለሌለ እሷን የሚነካት የለም። እንዲያውም ብልህ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ። ያን ቀን ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣመኝ።

እሑድ ጠዋት ከቆጠራ በኋላ እንደተለመደው ለስብከት ቆምኩ። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ መልካሙ እረኛ ነው፤ በጎቹን በየስማቸው እየጠራ ስለሚያወጣቸው፣ ሌባ ሲመጣ ትቷቸው ስለማይሸሸው። በልጅነቴ ነው የያዝኩት፣ ተኝቼም እለዋለሁ። "በየስማቸው" ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። የሚቀጥለውን ቃል አጣሁት። ስም የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የዚያ ልጅ ስም አብሮ ሊወጣ የደረሰ መሰለኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ። አንዱ ጾሙ አድክሞት ነው አለና ውሃ አቀበለኝ። ስብከቱን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

መጋዘኑ እንደዚያን ቀን ጠቦኝ አያውቅም። ቆርቆሮው መጋል ጀምሯል፣ ሽታው ዓይኔን ይቆነጥጠኛል፣ በግራና በቀኝ የሰው ጉልበት ይገፋኛል። በሩን አየሁት። እስከ ትናንት ድረስ ስለዚያ በር የማስበው መከፈቱን ብቻ ነበር። አሁን ግን ቢከፈት የምወጣው በሰው ላይ ተረማምጄ እንደሆነ ገባኝ። ባይከፈት ሰኞ አለ። የትም የምዞርበት ቦታ አልነበረም፤ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ሁለቱ ነገሮች እዚያው ነበሩ።

እሑድ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ የለም። ስንቅ ሲገባ አባ መረብ ወገባቸውን ይዘው ተነሱና በተኛው ሰው መሀል እየተሻገሩ እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡ።

"መምህር፣ ዛሬ እኛ ዘንድ ብላ" አሉኝ።

"ከዚያ ሰው ጋር አልቆርስም፣ አባ።"

"እሱስ ይቅር። ይሄ ሰው ግን አንድ ቃል ላንተ አለችው። ለኔ ነግሮኛል፣ ካንተ ጆሮ ካልገባች ግን ምን ትረባዋለች? ስማለት ብቻ። ከሰማህ በኋላ የወደድከውን አድርግ።"

መልሴን ሳይጠብቁ በእጃቸው ጠሩት። ጸሐፊው መጣና እፊቴ ቁጢጥ አለ። ያበጡ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አስቀመጣቸው።

"መምህር" አለኝ፣ "ሄደዋል ብዬ ነው።"

"የት?"

"አዲስ አበባ። ሸኝተንዎት አልነበረም?"

እውነቱን ነው፣ ሸኝተውኝ ነበር። ጾሙ ሲገባ ዝውውር ደርሶኝ ጋቢ አልብሰው፣ መርቀው አሰናብተውኛል። እሱም እዚያው አልቅሷል። በማግስቱ አባቱን በአጨዳ ሊያግዝ አምባሰል ገጠር ወጣ። እኔ ግን አልሄድኩም። ጾሙን አስተምረኸን ሂድ ሲሉኝ ለሁለተኛ ጊዜ እስኪለምኑኝ እንኳ አልጠበቅኩም። እኔ ከሌለሁ ያ ጾም የሚጾም አልመሰለኝም።

"የያዙኝ አባቴ አውድማ ላይ ነው" አለ ጸሐፊው። "ሰቅለው ስም ሲሉኝ የልጆቹ ሁሉ ፊት መጣብኝ። ያን ሁሉ መዘምራን በየትኛው ልጀምር? ከዚያ እርስዎ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ርቀዋል፣ እሳቸውን ማንም አያገኛቸውም አልኩ። የማይጎዳ ስም ያገኘሁ መስሎኝ ነው፣ መምህር።"

የራሴን ሐሳብ በእሱ አፍ ሰማሁት። እሱ እጁ ታስሮ ተንጠልጥሎ ያሰበውን እኔ ሻይ ጠጥቼ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ልጁ ዛሬም ሪያድ እንዳለ ማን ነገረኝ? ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ለፋሲካ እንኳን አደረሰዎት ሲለኝ ነው። ከሳዑዲ ሰው በየጊዜው እየተያዘ እንደሚመለስ ሐይቅ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ከየሰፈሩ አንድ ሁለት አለ። እኔ ግን ያሰብኩት የሚመቸኝን ብቻ ነበር። አፈርኩ። 

ብድግ አልኩ። ያቋረጥኩትን ስብከት ልጨርስ መስሏቸው ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

"ትናንት መርማሪው አንድ ስም ጠይቆኛል" አልኩ። "እኔም መርጬ አሳድሬያለሁ። ማንም አልመታኝም። ይህን ሰው ከማዕድ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ መውጣት የነበረብኝ ግን እኔው ነበርኩ።" ድምፄ አላማረም፣ መሀል ላይም ተሰባበረ።

ከማዕዴ ሰዎች አንዱ፣ ውጫሌ ገበያ ላይ እህል የሚነግድ ሰው፣ ፊቱ ገርጥቶ "ከኛ ውስጥ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። ስሙንም አልናገርም፤ ነገም ለነሱ አልናገርም።"

"እሱን ነገ እናያለን" አለና የባለቤቴን ምሳ ዕቃ አንስቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። አልተቆጣም። ልክ እኛ ጸሐፊውን እንደመለስነው በጨዋ ደንብ ነው የመለሰኝ። ምሳ ዕቃዬን ይዤ በመጋዘኑ መሀል ቆምኩ። ስብከቴን ሰምተው ያለቀሱት ሰዎች ወደ ሳህናቸው አቀርቅረዋል። ያኔ ጸሐፊው በክርኑ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገና አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

አባ መረብ የተቆረጠውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስተው ሊያስታጥቡኝ ሲሉ ተቀበልኳቸው። ማስታጠብ የታናሽ ሥራ ነው፤ እኔ መምህር ከተባልኩ ወዲህ ማንንም አስታጥቤ አላውቅም። መጀመሪያ ለሳቸው አፈሰስኩ፣ ቀጥሎ ለሌሎቹ፣ በመጨረሻ ለጸሐፊው። ጣቶቹ ስለማይታጠፉ ውሃው ያመልጠው ነበር። ጠርሙሱን አስቀመጥኩና እጁን በእጄ ይዤ አጠብኩለት። ትኩስ ነበር፣ ቆዳው ተወጥሯል።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"እኔን እንጂ" አለ።

"አብሽሩ፣ በሉ ወጡ ቀዘቀዘ" አሉ አባ መረብ። እነሱ ቢስሚላህ አሉ፣ እኛ አማተብን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለጸሐፊው ሰጠሁት።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ማስታወሻውን ከፍቶ ጠበቀኝ። ስሙን ስጠኝ አለ። የለኝም አልኩ። "ቅዳሜ የነበረህ ይመስለኝ ነበር" አለ። "ነበረኝ" አልኩት። ትንሽ አየኝና ማስታወሻውን ዘጋ። ከዚያ ሌሎቹ አነጋገሩኝ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ገናን መጋዘኑ ውስጥ ዋልኩ። ያጎረሰኝ ጸሐፊው ነው፤ በዚያን ጊዜ የእሱ ጣቶች ከኔ ይሻሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልሰበክኩም፣ የጠየቀኝም የለም። እጄ ሲሻለው የባልዲ ተራዬን እሸከም ጀመር። እስከዚያ ድረስ ተራዬን ሲሸከሙልኝ የነበሩት አባ መረብ መሆናቸውንም ያኔ ነው ያወቅኩት።

የተፈታሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ዝውውሩ ቀርቶ አሁንም ሐይቅ ነኝ። ሲጠይቁኝ አስተምራለሁ፤ ስለ ትሕትና አስተምር ሲሉኝ ግን ለሌላ ሰው እለቃለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ከሪያድ ተይዞ የተመለሰው እኔ በታሰርኩ በሳምንቱ ኖሯል። ባለቤቴ ልትነግረኝ መንገድ አልነበራትም። እኔ ያን ቅዳሜ ስሙን ስመርጥ እሱ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ ከእናቱ ጋር ልጆቼን እየጠበቀ ነበር።

ዘንድሮ በዚሁ ጾም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሰኝ በመስታወቱ እያየኝ "መምህር፣ እዚያ ሆነው እኔን አስበውኝ ያውቃሉ?" ብሎ ቀለደ። "እማ እኮ ዱዓ ስታደርግልዎት ነው የከረመችው።"

"አንድ ቀን አስቤሃለሁ" አልኩት።

"በምን ምክንያት?"

"ባጃጇን ዳር አቁማት።"

አቆማት። ሻዩን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኩት። መሪውን እንደያዘ፣ ወደ ሐይቁ እያየ ሰማኝ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም።

"እማ ብቻ እንዳትሰማ" አለኝና ሞተሩን አስነሳ።